ወደ ሰጠመ መርከብ ስለሚወርዱ ልጆች

ድሬዳዋ ከባሕር 300 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀች የቆላ ከተማ ናት፤ ነገር ግን የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ከደረሰባት ጀምሮ የባሕርን ወሬ ከብዙ ከተሞች አስቀድማ ስትሰማ ኖራለች። ስለዚህ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ባሕር ጠላቂዎች መጻፌ ለክቡራን አንባቢዎቼ እንግዳ ነገር ሆኖ እንዳይታይ እለምናለሁ። ልጆቻቸውን በሰሜን አውሮፓና በካናዳ ያስቀመጡ ወላጆች ዛሬ ጥቂት አይደሉም። ከእነዚያም ልጆች አንዳንዶቹ በቀዝቃዛው ባሕር ዳርቻ ሰጥመው የቀሩትን መርከቦች ጠልቀው ለማየት ይመኛሉ። ልጁ ለአካለ መጠን ያልደረሰ እንደ ሆነ ከደብዳቤው ጋራ ወላጁ የሚፈርምበት ወረቀት ይላካል። እኔም በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ የምኖር ሰው ነኝና፥ ሳያነቡ መፈረም ምን እንደሚያስከትል ከብዙ መዝገብ ተመልክቻለሁ።

ጉዳዩ ከአገራችን አካባቢ ታሪክ የራቀ አይደለም። መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ምፅዋን ሲይዙ፥ ኢጣልያኖች ወደቡ ለማንም እንዳይጠቅም ብለው ብዙ መርከቦችን በየመግቢያው አስጥመው ነበር። ታላቁንም ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ በፈንጂ በሳስተው ወደ ባሕሩ ወለል አወረዱት። በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ኮማንደር ኤድዋርድ ኤልስበርግ መርከቦቹን እንዲያነሡ ታዘው ምፅዋ ገቡ። የያዙት ሰውም መሣሪያም ጥቂት ነበር። መጠገኛውን ያዩት ሌሎች ባለሙያዎች ከእንግዲህ አይነሣም ብለው ተስፋ ቆርጠውበት ነበር። እርሳቸው ግን ነገሩን በጠላቂዎች አስመርምረው፥ ታችኛው ክፍል በፈንጂ ቢቀደድም የጎንና የጎኑ ግድግዳዎች ደኅና መሆናቸውን ተረዱ። ከላይ ያለውን ክፍተት ሁሉ አስደፍነው በመጭመቂያ መኪና አየር አስገቡበት፤ አየሩም ከላይ እየሞላ ሲሄድ ውሃውን በታች በተቀደደው በኩል እየገፋ አስወጣው። በግንቦት ወር 1934 ዓ.ም. ሥራው ከተጀመረ 10 ቀን ሳይሞላ ያ ትልቅ ብረት ተንሳፈፈ። የምፅዋን የግንቦት ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ድካም እንደ ነበረ ያለ እኔ ምስክርነት ይፈርዳል።

እኒህ መኮንን ግን ሙያውን የተማሩት በሙቅ ባሕር አልነበረም። መስከረም 15 ቀን 1918 ዓ.ም. ኤስ 51 የተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ በአገሪቱ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ከሌላ መርከብ ጋራ ተጋጭታ ሰጠመች፤ ከ36 ሰዎች 33ቱ ሞቱ። መርከቢቱ የተኛችው 40 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ከብርዱ የተነሣ ሥራው ተቋርጦ በፀደይ ዳግመኛ ተጀመረ። መርከቢቱን ለማንሣት ከሥሯ ሰንሰለት ማሳለፍ ያስፈልግ ነበርና፥ ጠላቂዎች በውሃ ቱቦ ጭቃውን እያጠቡ ከሆዷ በታች ዋሻ ይቆፍሩ ነበር። ፍራንሲስ ስሚዝ የተባለው ጠላቂ በዚያ ዋሻ ውስጥ ሳለ ጭቃው ከኋላው ተደርምሶ ዘጋበት። ስሚዝም በያዘው ቱቦ ወደ ኋላ እያጠበ መውጫውን ከፈተ፤ ከወጣም በኋላ ጥቂት ዐርፎ ተመልሶ ገባና መቆፈሩን ቀጠለ። ኤስ 51 ሰኔ 28 ቀን 1918 ዓ.ም. ከባሕሩ ወለል ተነሣች።

ይህን ያነሣሁት ጀግንነቱን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ስሚዝ በራሱ ላይ የመዳብ ቆብ ደፍቶ፥ አየር ከላይ ከመርከብ በቱቦ እየተላከለት፥ ከአለቆቹም ጋራ በስልክ እየተነጋገረ ነበር የሚሠራው። በ1935 ዓ.ም. ግን ፈረንሳዮቹ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ጠላቂው አየሩን በጀርባው ተሸክሞ እንዲሄድ የሚያስችል መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ጠላቂ እንደ ዓሣ ነጻ ሆነ፤ ነገር ግን አየሩ የተቈጠረ ነው። ዛሬ አንድ ልጅ በሰጠመ መርከብ ክፍል ውስጥ መንገድ ቢጠፋበት ወይም ገመድ ቢጠላለፍበት ከላይ አየር የሚልክለት የለም። ለዚህ ነው ከውጭ ሆኖ መርከቡን መመልከትና ወደ ውስጡ መግባት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች የሆኑት፤ ለሁለተኛውም ለብቻው የሚሰጥ ትምህርት አለ።

ወላጆችን አብዝቶ የሚያታልለው ግን «ጥልቅ አይደለም፥ 10 ሜትር ብቻ ነው» የሚለው ቃል ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉ አባቶቻችን ይህን ቢሰሙ አይደነቁም ነበር። በ10 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት ከባሕሩ ፊት ሁለት እጥፍ ነው። በዚያ ሳንባውን በአየር የሞላ ሰው ደንግጦ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ቢወጣ አየሩ በሳንባው ውስጥ ሁለት እጥፍ ሊሆን ይሻል፤ ሳንባም ሊቀደድ ይችላል። ከ40 ሜትር ወደ 30 ሜትር ሲወጣ ግን ያው አየር የሚጨምረው በሩብ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ትልቁ ለውጥ ያለው ከባሕሩ ፊት አጠገብ፥ ሁሉም ደኅና በሚመስልበት ስፍራ ነው። መምህራኑ አስቀድመው የሚያስተምሩት ትእዛዝ ትንፋሽን ፈጽሞ አለመያዝ የሆነውም ስለዚህ ነው።

ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። ውሃ የሰውን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፤ ጣት ሲደነዝዝ መቈለፊያ መፍታት እንኳ ያስቸግራል፥ የአየሩ መሣሪያም በብርድ ብዛት በረዶ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ በዚያ አገር ውሃ የማያስገባ ልዩ ልብስ ይለበሳል፥ አለባበሱም ራሱ ትምህርት ነው። ልጆቹ ይህን ሁሉ የሚታገሡበት ምክንያት ግን ከንቱ አይደለም። በስዊድን ቫሳ የተባለው የንጉሥ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1628 በመጀመሪያ ጉዞው ስቶክሆልም ወደብ ውስጥ ሰጥሞ፥ ከ333 ዓመት በኋላ በ1961 እንጨቱ ሳይፈርስ ወጥቷል። ጨው ባነሰበት በባልቲክ ባሕር እንጨት የሚበላው የባሕር ትል አይኖርምና።

ስለ ንብረቱም አንድ ቃል ልጨምር። የሰጠመ መርከብ ሁሉ ባለቤት የሌለው ገንዘብ አይደለም፤ የጦር መርከብ የመንግሥቱ ነው፥ ብዙ ጊዜም የሙታን ማረፊያ ነው። በብዙ አገር ከዚያ አንዲት የናስ ዕቃ ይዞ መውጣት ያስከስሳል። ዩኔስኮም በ1994 ዓ.ም. ከ100 ዓመት በላይ በውሃ ውስጥ የቈየ ቅርስ እንዲጠበቅ ስምምነት አውጥቷል። ልጁ «ለመታሰቢያ» ብሎ ሳሕን ይዞ እንዳይመጣ አስቀድሞ ይነገረው።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ቢደርስ ትምህርት ቤቱን አልከስም የሚል ቃል አለበት፤ በባዕድ ቋንቋ ቢጻፍም አስተርጕሞ ማንበብ ይገባል። የልጁን ጆሮና ደረት ሐኪም መርምሮታልን? አስም ነበረበትን? አብሮት የሚወርደው ማን ነው? መምህሩ በአንድ ጊዜ ስንት ልጆች ይዞ ይወርዳል? ወደ መርከቡ ውስጥ ይገባሉን ወይስ ከውጭ ይመለከታሉ? ለእነዚህ በጽሕፈት መልስ እስኪመጣ ድረስ ፊርማው ቢዘገይ የሚቀየም ደግ መምህር የለም።

ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ወረቀቱ የማይነግረው ነገር አለ። በግፊት ውስጥ የተነፈሰ ሰው በደሙና በሥጋው ውስጥ ናይትሮጅን ተቀላቅሎ ይቀርበታል፤ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፥ ፈጥኖ ቢወጣ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን ያሳምማል፥ ሽባም ያደርጋል። ከፍ ወዳለ አገር መውጣትም እንደዚሁ አረፋውን ያነሣሣል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል፥ ሐረር 1,900 ሜትር ያህል፥ አዲስ አበባም ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ በዕረፍቱ ጊዜ በጅቡቲ ጠልቆ የዋለ ልጅ በዚያው ቀን ወደ ደጋ እንዳይወጣ፥ በአውሮፕላንም እንዳይሳፈር ይከልከል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጠልቆ እንደ ሆነ ቢያንስ 12 ሰዓት፥ ደጋግሞ ከሆነ ቢያንስ 18 ሰዓት በባሕሩ ዳር ይደር። ቤት ከገባ በኋላ ትከሻዬን ወይም ጕልበቴን አመመኝ፥ እጄን ደነዘዘኝ ቢል በጉዞ ድካም አይመካኝ፤ ለሐኪሙ መቼና ስንት ሜትር እንደ ጠለቀ ሳይዘገይ ይነገር።