ተማሪው በሠራው ወንበር ይቀመጥበት

በዲዛይን ትምህርት ላይ ያለ አንድ ወጣት ዘመዴ የነደፈውን ወንበር ሥዕል ባሳየኝ ጊዜ ውበቱን አደነቅሁለት። ዳሩ ግን ከዋንዛ ቆርጦ፣ በመላጊያ ልጎ ሠርቶ ቢቀመጥበት እግሩ መሬት አልነካ፤ ጠርዙም ጭኑን ያዘው። መቀመጫውን 50 ሳንቲም ሜትር ከፍ አድርጎት ኖሯል። በወረቀቱ ላይ ይህን ያየለት አልነበረም፤ እኔም አላየሁም።

እንዳያፍር ብዬ የሃንጋሪያዊውን የማርሴል ብሮየርን ነገር አጫወትሁት። ብሮየር በጀርመን አገር በባውሃውስ ተማሪ ሳለ፣ በ1921 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ገና 20 ዓመት ሳይሞላው አንድ የእንጨት ወንበር ሠራ፤ ጨርቁን የሸመነችለት ጉንታ ሽቶልስል ነበረች። ያ ወንበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዙፋን ይመስላል። በማግሥቱ ዓመት ግን ሰውነት የሚያርፍበትን ስፍራ አጥንቶ በተወጠረ ጨርቅ ሌላ ወንበር አበጀ። በ1925 ደግሞ የብስክሌት መሪ አይቶ ስመ ጥር የሆነውን የብረት ቱቦ ወንበር አወጣ። የፊተኞቹን ሳይሠራ ወደዚህኛው ይደርስ ነበርን?

እንግዲህ ሥዕሉ በኮምፒዩተር ስላማረ ብቻ ነጥብ አይሰጥ እላለሁ። ተማሪው አስቀድሞ በሠራው ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ትምህርት ይከታተል። እንጨት ተወደደ የሚለኝ ይኖራል፤ ከአሮጌ ሣጥን ጣውላም ይሠራል።

ዘመዴ እግሮቹን 6 ሳንቲም ሜትር ቆርጦላቸው አሁን ይቀመጥበታል። አራቱን እኩል ለማድረግ ግን ሁለት ቀን ፈጅቶበታል።