ሕመም የጠፋበት እግር

«እግሬን ደነዘዘኝ»፣ «ጣቶቼን ይነዝረኛል»፣ «ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል» የሚሉ ስሞታዎች በየቤቱ ይሰማሉ። ምላሹም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ብርድ ነው» ይባልና ሙቅ ውሃ ይቀርባል። በእኛ አስተያየት ይህ ፍርድ ችኩል ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። መደንዘዙ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ ማለፉን የሚያመለክት ሊሆን ይችላልና።

ለመሆኑ ስኳርንና እግርን ምን አገናኛቸው? ከወገብ አካባቢ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት የሚደርሰው የነርቭ ክር በአዋቂ ሰው 1 ሜትር ያህል ይረዝማል። የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የነርቮችን ሥራ ያውካል፤ እነርሱን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ቀድመው የሚጠቁት ረጃጅሞቹ ክሮች ስለሆኑ ምልክቱ ከሁለቱም እግሮች ጣቶች ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ቆይቶም እጅን ይይዛል።

ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ንዝረቱ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ጸጥታ ነው። ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነው። ዘበኛው ሲጠፋ ሰው ጫማው ውስጥ የገባውን ጠጠር ቀኑን ሙሉ ሳያውቀው ይረግጠዋል፤ የሚፋጀው ውሃም ለብ ያለ ይመስለዋል። ቁስሉ ሳይታወቅ ያመረቅዛል፤ ፍጻሜውም እግርን ማጣት ሊሆን ይችላል።

ይህን እውነት ቀድማ ያስተማረችን የሥጋ ደዌ ናት። የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ፖል ብራንድ በሕንድ አገር የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጣትና እግር የሚጎዳው በአመዛኙ ስሜት በማጣት መሆኑን አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮም በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና ግዛት፣ በካርቪል ሲሠሩ ትምህርቱን ለስኳር ሕሙማን እግር አዋሉት። ዛሬ በ10 ግራም ግፊት የሚጎብጥ የናይለን ክር የእግርን ስሜት ለመመርመር ያገለግላል። ምርመራው ጥቂት ደቂቃ እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። እንግዲያው የስኳር ሕሙማን ክትትል በሚደረግበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ጫማ አውልቆ እግርን ማስመርመር ደም የመለካትን ያህል የተለመደ ሊሆን ይገባል እንላለን።

እርግጥ ነው፣ መደንዘዝ ሁሉ ከስኳር አይመጣም፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የአልኮል ብዛትም ያመጡታል። ስለዚህም መገመት ሳይሆን መመርመር ይበጃል። በጾም የተለካ የደም ስኳር በዴሲሊትር 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ የስኳር በሽታ ይባላል። በጊዜ መቆጣጠር ደግሞ ዋጋ አለው፤ በአሜሪካና በካናዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ የሆነው ሰፊ ጥናት፣ በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ጥብቅ ቁጥጥር የነርቭ ጉዳትን 60 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ውድ ተማሪዎች፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው ወላጆች ያሏችሁ ማታ ማታ የእግራቸውን መዳፍና የጣቶቻቸውን መሐል ተመልከቱላቸው፤ ውሃውንም በእጃችሁ ለኩላቸው። እነርሱ የማይሰማቸውን ቁስል የእናንተ ዓይን ያየዋል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።