ፀሐይን ነፍጎ ስልክን መክሰስ

ሰው ጥፋቱን የሚያሸክመው ባጣ ጊዜ ዕቃን ይከሳል፤ ዕቃ አንደበት የለውምና አይከራከርም። ዛሬ በአዲስ አበባ ወላጅና መምህር በተገናኙበት ስፍራ ሁሉ የሚሰማው ክስ ይህን የመሰለ ነው። «የልጆቹን ዓይን ስልክ ጨረሰው፤ ብርሃኑ አፈዘዘው» ይባላል። ክሱ ፈጽሞ ሐሰት ነው አይባልም፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ከሐሰት ይልቅ ይከፋል፤ ሐሰት ሲመረመር ይጋለጣል፥ ግማሽ እውነት ግን ሲመረመር ምስክር ያገኛልና። በዚህም ምክንያት ክሱን የሚያሰሙት ሰዎች የቀረውን ግማሽ፥ ይኸውም የራሳቸውን ድርሻ፥ ሳይመረምሩት ይኖራሉ።

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ሽሮ ሜዳ ሲደርስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ነጠላውና ቀሚሱ ተሰቅሎ ያያል። ከገበያው ኋላ በየመንደሩ ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎችና ልጆቻቸው እግራቸውን ከጉድጓዱ አግብተው ድሩን ከማጉ ያገናኛሉ። በዚህ ስፍራ ሁለት ዓይነት የዓይን ድካም ጎን ለጎን ተቀምጦ ይታያል። ዕድሜው ከአርባ ያለፈው ሸማኔ የጥለቱን ክር ለመለየት ሥራውን ከዓይኑ ያርቃል፤ በአጠገቡ ያለው ልጅ ግን ስልኩን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል። የአባትየው ነገር የታወቀ የዕድሜ ሕግ ነው፤ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየጠነከረ ሲሄድ ቅርቡን ማየት ይሳነዋል፥ መነጽር ሲደረግለትም ሥራውን ይቀጥላል። የልጁ ነገር ግን የዕድሜ ሕግ አይደለም። ልጅ የሩቁን ማየት ተስኖት ጥቁር ሰሌዳው ጉም ከሆነበት፥ በዓይኑ ላይ ሊደርስ የማይገባው ነገር ደርሷል ማለት ነው።

ሐኪሞች ይህን ሕመም ማዮፒያ ይሉታል። ምክንያቱም በአብዛኛው የዓይኑ ኳስ ከመጠን በላይ ረዝሞ ማደጉ ነው። የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጨምር ከሩቅ የሚመጣው ምስል ሬቲና በሚባለው የኋላ መጋረጃ ላይ ማረፉ ቀርቶ ከፊቱ ያርፋል፤ ሰውዬውም ያለ መነጽር ከመንገድ ማዶ የቆመውን ሰው ፊት ለመለየት ይቸገራል። ይህ መርዘም በብዛት የሚታየው ልጁ ትምህርት ቤት ከገባበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ጉርምስናው ፍጻሜ ድረስ ነው። አንድ ጊዜ የረዘመ ዓይን ተመልሶ አያጥርም። የዘር ድርሻ እንዳለበት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የሰው ዘር በአንድ ትውልድ አይለወጥም። ሕመሙ ግን በምሥራቅ እስያ ከተሞች በአንድና በሁለት ትውልድ ውስጥ በዝቶ፥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከሚጨርሱት ወጣቶች ከአሥሩ ስምንቱን ያህል የሚይዝ ሆኗል። ዘር ያልሠራውን አኗኗር ሠራው።

እንግዲህ የዓይኑን ኳስ የሚያስረዝመው የስልኩ ብርሃን ነውን? አይደለም። ከሰማይ የሚወርደው ብርሃን ከስልክ ከሚወጣው ጋራ የሚወዳደር አይደለም፤ ሰማያዊው ጨረር ዓይን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ እረኛ ሁሉ በታወረ ነበር። በየሱቁና በየመንገዱ ዳር «የስልክ ጨረር ይከላከላል» እየተባለ የሚሸጠው መነጽር የቆመው በዚሁ ስሕተት ላይ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ማኅበር በ2023 (የውጭ አገሩ ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) 17 ሙከራዎችን መርምሮ፥ እንዲህ ያለው መነጽር የዓይንን ድካም በማቅለል ከተራው የሚሻልበትን ነገር አላገኘም። ወላጅ ለዚህ የሚከፍለው ገንዘብ ለሕሊናው ማስታገሻ ይሆነዋል እንጂ ለልጁ ዓይን አይጠቅመውም።

ስልክ የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው። አንደኛ፥ ከዓይን አጠገብ ለረጅም ሰዓት ይያዛል። ሁለተኛ፥ አትኩሮ የሚመለከት ሰው ዓይኑን መክደንና መግለጥ ስለሚያሳንስ ዓይኑ ይደርቃል፥ ያቃጥለዋልም። ሦስተኛውና ዋናው ግን ልጁን ከቤት ውስጥ ማስቀረቱ ነው። ለቅኔ ሰው ይህ ለማስተዋል አይከብድም፤ የክሱ ሰም ስልክ ነው፥ ወርቁ ግን ፀሐይ ናት።

ለዚህ ትልቁ ምስክር በ2008 የታተመው የሲድኒና የሲንጋፖር ልጆች ንጽጽር ነው። በሁለቱም ከተሞች የተመረመሩት ዘራቸው ከቻይና የሆነ፥ ዕድሜያቸው ስድስትና ሰባት ዓመት የሆኑ ልጆች ነበሩ። በሲንጋፖር ከመቶው 29.1 የሩቁን ማየት የተሳናቸው ሲሆኑ፥ በሲድኒ ግን 3.3 ብቻ ነበሩ። ሰው ወዲያው «የሲድኒዎቹ መጽሐፍ አያነቡ ይሆናል» ብሎ ያስብ ይሆናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። የሲድኒዎቹ ልጆች በሳምንት ያነበቡት መጽሐፍ ይበልጥ ነበር። የተለያዩት ከቤት ውጭ በዋሉበት ሰዓት ነው፤ የሲድኒዎቹ በሳምንት 13.75 ሰዓት፥ የሲንጋፖሮቹ 3.05 ሰዓት። ስለዚህ መጽሐፍ ከዚህ ክስ በብዙው ነጻ ይወጣል፤ ማንበብን የሚፈራ ወላጅም ፍርሃቱን ይተው።

ምክንያቱንም ሊቃውንቱ መርምረዋል። በጠራ ቀን ከደጅ ያለው ብርሃን ሉክስ በሚባለው መለኪያ ከ10,000 በላይ ይደርሳል፤ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ከ500 አይበልጥም። ብርቱው ብርሃን በሬቲና ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር እንደሚያበዛና ይህም የዓይኑን ኳስ ከመርዘም እንደሚገታው ይታመናል። በቻይና ጓንግዡ በአሥራ ሁለት ትምህርት ቤቶች በተደረገው ሙከራ፥ በእኩሌቶቹ ትምህርት ቤቶች በየቀኑ 40 ደቂቃ የደጅ ትምህርት ተጨመረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሕመሙ የጀመራቸው በደጅ ከዋሉት ከመቶው 30.4፥ ካልዋሉት 39.5 ሆነው ተገኙ። በአንጻሩ በ2020 ልጆች በወረርሽኙ ምክንያት ከቤት በተዘጉበት ጊዜ፥ ፌይቼንግ በተባለችው የቻይና ከተማ ከስድስት ዓመት ልጆች የሩቁን ማየት የተሳናቸው ከመቶው 21.5 ሆኑ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከ5.7 አልፈው አያውቁም ነበር። ፀሐይን መንሣት ምን እንደሚያደርግ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አይገኝም።

በኢትዮጵያም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በራዲዮ፥ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ተሰጠ። በዚያን ጊዜ ስልክ ሳይወድ በግድ የመምህሩን ወንበር ወረሰ፤ ለዚያ የሚወቀስ የለም። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ በኋላ ስልኩ ወንበሩን አልለቀቀም።

ታዲያ የሽሮ ሜዳን ልጅ ከፀሐይ የለየው ማን ነው? ቀን ሙሉ ነጠላ የምትሸጥ እናት ሕፃንዋ ወደ መኪና መንገድ እንዳይሮጥ ስልኳን ብታስይዘው ልትወቀስ አይገባትም፤ ሌላ ሞግዚት የላትምና። የሚወቀሰው ሌላው ነው። መኖሪያ ቤት ተከራይቶ፥ መኪና ማቆሚያውን የመጫወቻ ሜዳ ብሎ ትምህርት ቤት የሚከፍተው ይወቀሳል። የዕረፍቱን ሰዓት ቀንሶ ልጆቹን በክፍል ውስጥ የሚያስቀምጥ፥ ይህንንም ትጋት ብሎ የሚጠራ ርእሰ መምህር ይወቀሳል። የሰፈሩን የኳስ ሜዳ ለግንባታ ሲሰጥ ለልጆቹ ምትክ ያልፈለገ ሹም ይወቀሳል። ሠራተኛ ቀጥሮ፥ ግቢ ያለው ቤት ይዞ፥ «ልጄ ጨዋ ነው፤ ከቤት አይወጣም» እያለ የሚመካ ባለጸጋም ከሁሉ ይልቅ ይወቀሳል። የእንጦጦ ተራራ ከራሳቸው በላይ ቆሞ፥ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውም ፓርክ ከዚያው ሳለ፥ በግርጌው የሚያድጉ ልጆች ተራራውን በስልክ ላይ በሥዕል ቢያዩት የሚያሳፍረው ልጆቹን አይደለም።

በዚህ ነገር ላይ ሦስት መከራከሪያ ይቀርባል። የመጀመሪያዎቹ «ይህ የሀብታም አገር በሽታ ነው፤ የኢትዮጵያ ጭንቅ ትራኮማና የዓይን ሞራ ነው» ይላሉ። በርግጥ በ1998 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውርነት እኩሌታው የመጣው በዓይን ሞራ ነበር፤ ትራኮማም 11.5 ከመቶ ይዞ ነበር። ነገር ግን በዚያው ጥናት በመነጽር ሊታረም የሚችል የእይታ ጉድለት ከዓይነ ስውርነት 7.8 ከመቶ፥ እይታቸው ከደከመባቸው ሰዎች መካከል ደግሞ አንድ ሦስተኛውን ይዞ ተገኝቷል። ይህም የሆነው የዛሬው ስልክ በልጆች እጅ ሳይገባ ነው። የኢትዮጵያ ልጆች ማዮፒያ ከምሥራቅ እስያው እስካሁን በብዙ ያነሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህ ግን የመዘናጊያ ምክንያት አይሆንም። ጎርፍ ሳይመጣ ቦይ የሚቀድድ ብልህ ነው፤ ከመጣ በኋላ የሚቆፍር ግን ጭቃ ይዝቃል።

ሁለተኞቹ «መነጽር አለ፤ ምን ያስጨንቃል?» ይላሉ። መነጽር ምስሉን ያስተካክላል እንጂ የረዘመውን ዓይን አያሳጥርም። ዓይኑ እጅግ የረዘመበት ሰው በጎልማሳነቱ ሬቲናው ሊላቀቅ፥ የዓይን ግፊት ሕመምም ሊይዘው ከሌላው ይልቅ ያሰጋዋል፤ ከዚህ አደጋ መነጽር አያድነውም። የእነዚህ ተቃራኒ የሆኑት ደግሞ «መነጽር ዓይን ያደክማል» ብለው ለታመመው ልጅ ይከለክሉታል። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ሰሌዳውን ያላየ ልጅ ሰነፍ ይባላል፥ ይሰደባል፥ ከኋላ ይቀመጣል፥ በመጨረሻም ትምህርቱን ይተዋል፤ ጉድለቱ ግን ከአእምሮው ሳይሆን ከአንድ ሚሊ ሜትር ነበር።

ሦስተኞቹ ከካህናቱና ከሊቃውንቱ ወገን ናቸው። «የጥንት ተማሪ በኩራዝና በጭስ ብርሃን አጥንቶ ሊቅ ሆኗል፤ የዛሬው ቅምጥል ነው» ይላሉ። ማታ በኩራዝ ማጥናቱ እውነት ነው፤ ቀን የት ይውል እንደ ነበር ግን ይረሳሉ። የንባብ ተማሪ ከመምህሩ ደጃፍ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቀለሙን ይቀጽል ነበር። የቅኔ ተማሪ ወደ ዱር ወጥቶ ብቻውን ቅኔ ሲቈጥር ይውል ነበር፤ በፊቱ መጽሐፍ አልነበረም፥ ዓይኑም በሰማይና በተራራ ላይ ነበረ። እንጨት መልቀምና ውኃ መቅዳቱ፥ አኮፋዳ ተሸክሞ ቁራሽ መለመኑም ሁሉ በፀሐይ ነበረ። አባቶች ይህን ለዓይን ብለው አላደረጉትም፤ ሥርዓቱ ግን ዓይንን ጠብቋል። የጥንቱን የሚያወድስ ሰው እንግዲህ ኩራዙን ሳይሆን ዱሩን ያስታውስ።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ውድ አይደለም። ልጅ በቀን ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ከደጅ ይዋል፤ ወደ ትምህርት ቤት በእግር መሄዱም ይቈጠራል። ታይዋን ከ2010 ጀምሮ ትምህርት ቤቶቿን ወደዚህ ልማድ ስታገባ፥ ለዓመታት ሲጨምር የነበረው የልጆች እይታ ድካም በ2011 ከነበረበት 50 ከመቶ በ2015 ወደ 46.1 ዝቅ ብሏል። የዛፍ ጥላም ይበቃል፥ የደመና ቀንም ከክፍል ውስጥ መብራት ይበልጣል፤ ፀሐይቱን ራስዋን ትኩር ብሎ ማየት ግን ዓይን ያጠፋልና ለልጆች ይነገራቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንዳስታወቀው ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን አይሰጥ፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለውም በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ። መምህር ልጅ ዓይኑን አጥብቦ ሲያይ ወይም ከጓደኛው ደብተር ሲገለብጥ ከመስደቡ በፊት ከኋላ ወንበር ሰሌዳውን ያስነብበው፤ ካልቻለም ለወላጁ ይንገር። በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልና በሌሎችም ስፍራዎች የዓይን ምርመራ አለ።

ለካህናቱና ለሰበካው ሹማምንት ደግሞ የተለየ ነገር ይቀራል። በብዙ ሰፈር ቤቱና ሱቁ ባዶውን መሬት ሁሉ ከያዘው በኋላ፥ ዛፍና ክፍት ሜዳ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ብቻ ነው። ይህ ግቢ ዙሪያው በሚከራይ ሱቅ ሲታጠር፥ የሰንበት ትምህርት ቤቱም ልጆቹን በአዳራሽ ዘግቶ ሲያስተምር፥ ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ላይ የሚሮጠው ልጅ «ውጣ» ተብሎ ሲባረር፥ የመጨረሻው በር ተዘጋ ማለት ነው። ከመቅደሱ ራቅ ብሎ ከዛፍ ሥር ማስተማር ለአባቶች አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ነገር አዳራሹ ነው። ልጆቹን ከደጅ አስተምሮ፥ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት በግቢው እንዲጫወቱ መፍቀድ በጀትና ኮሚቴ አይጠይቅም።

የሽሮ ሜዳ ልጅ በቀን ሁለት ሰዓት ከሰማይ በታች ውሎ፥ ከዚያ በኋላ ዓይኑ ቢደክም ያን ጊዜ ስልክ ይከሰስ። እስከዚያ ድረስ ግን ተከሳሹ ሌላ ነው፤ ከሳሽም ሆኖ የቀረበው እርሱው ራሱ ነው።