የደህንነት ቅደም ተከተላችን ከሻሸመኔ መስቀለኛ መንገድ ሲታይ

ሻሸመኔ፦ ስለ አንድ አገር ብሔራዊ ደህንነት ሲወሳ በአብዛኛው ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ድንበር፣ መከላከያ ሠራዊትና የጎረቤት አገራት ሁኔታ ነው። ኢትዮጵያ በኅዳር ወር 1995 ዓ.ም. ያወጣችው የውጭ ጉዳይና የአገር ደህንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ ግን የተነሳው ከሌላ አቅጣጫ ነበር። ሰነዱ የአገሪቱ ቀዳሚ ስጋት ድህነትና ኋላ ቀርነት፣ እንዲሁም የዴሞክራሲና የመልካም አስተዳደር እጦት መሆኑን አስቀምጦ፣ የውጭ ግንኙነቱን ለዚሁ የውስጥ ሥራ አጋዥ አድርጎ ቃኝቶታል። ከኤርትራ ጋር የተካሄደውን ጦርነት የቋጨው የአልጀርስ ስምምነት ከተፈረመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ የወጣ ሰነድ በመሆኑ፣ ይህ አቋም በወቅቱ ቀላል ምርጫ አልነበረም።

የዚህን ቅደም ተከተል ትክክለኛነት ለመመዘን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን የምዕራብ አርሲ ዞን መቀመጫ ሻሸመኔን መመልከት ይበቃል። ከመዲናዋ የሚመጣው አውራ ጎዳና እዚህ ይከፈላል፤ አንዱ በሐዋሳና በዲላ በኩል እስከ ሞያሌ፣ ሌላው በኮፈሌና በዶዶላ ወደ ባሌ፣ ሦስተኛው በአላባ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ ይዘልቃል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚልከው ምርትም ወደ ሞጆ የሚያመራው በዚሁ መስመር ነው። ከተማዋ አንድ ቀን ብትዘጋ ጉዳቱ የአንድ ከተማ ጉዳት ሆኖ አይቀርም።

ይህም በተግባር ታይቷል። አርቲስት ሀጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ መገደሉን ተከትሎ በተቀሰቀሰው ሁከት በሻሸመኔ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ መኖሪያ ቤቶች፣ ሱቆችና ሆቴሎች ተቃጥለዋል። የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሆቴል ከወደሙት አንዱ ሲሆን፣ በየድርጅቱ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ወጣቶችም በአንድ ጀንበር ሥራ አጥ ሆነዋል። ሥራ አጥነትን የሁከት መንስኤ አድርገን ደጋግመን እንናገራለን፤ ሁከትም ራሱ ሥራ አጥነትን እንደሚያመርት ግን እምብዛም አናነሳም።

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሁከቱን መርምሮ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ሪፖርት በትንሹ 123 ሰዎች መሞታቸውን አረጋግጧል። በርካታ ተጎጂዎች የአካባቢ ባለሥልጣናትንና የጸጥታ አካላትን እርዳታ ጠይቀው ምላሽ አለማግኘታቸውንም ሪፖርቱ አመልክቷል። የአገር ደህንነትን ለሚተነትን ሰው ከሁሉ የከበደው ይህ ግኝት ነው። ስጋቱ ከውስጥ እንደሚነሳ ፖሊሲው ከጻፈ 17 ዓመት አልፎታል። የተጻፈው ግን በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ያለው ሠራተኛ የዕለት ሥራ ሆኖ አልወረደም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ጥያቄ ከብሔራዊ ጥቅም አጀንዳዎች ፊት ለፊት መምጣቱ ይታወቃል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንዳለው ለሚገመት ወደብ አልባ አገር ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና ወደ ቀይ ባሕር የሚጓዝ ኮንቴይነር ጉዞውን የሚጀምረው ከወደቡ ሳይሆን ከሐዋሳ ወይም ከዲላ በመሆኑ፣ የውጭው አጀንዳ የውስጡን ሊተካ አይችልም።

ኃላፊነቱ የማን ነው የሚለውን ሕገ መንግሥቱ መልሶታል። በአንቀጽ 52 መሠረት የክልሉን ሰላምና ጸጥታ ማስጠበቅ የክልሉ ሥልጣን ነው። ከክልሉ አቅም በላይ ሲሆን በአንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራል መከላከያ ኃይል በክልሉ ጥያቄ ይሰማራል። ክልሉ ሳይጠይቅ ፌዴራል መንግሥት ጣልቃ የሚገባበትን ሥርዓት ደግሞ ፖሊሲው በወጣበት ዓመት የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 359/1995 ይደነግጋል። ያልተመለሰው ከቀበሌ የተነሳ ጥሪ ከተማ አስተዳደሩን፣ ዞኑንና ክልሉን አልፎ ውሳኔ እስኪያገኝ የሚወስደው ጊዜ ነው። በሰኔ 2012 በሻሸመኔ ሱቆቹ የተቃጠሉት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው።