ልጃችንን ቤት ያስተማርነው ልንደብቀው አይደለም



የ7 ዓመት ልጃችን ኦቲዝም አለበት። ከመደበኛው ትምህርት ቤት አስወጥተን፣ በቤታችን ለእርሱ ብቻ አንዲት መምህርት ቀጥረን፣ እኛም ከእርሷ እየተማርን እናስተምረዋለን። በዚህ ውሳኔያችን ከቅዱሳን መካከል ሦስት ዓይነት ወቀሳ ደርሶናል። አንዳንዱ «እምነት ቢኖራችሁ በጸሎት ታስለቅቁት ነበር እንጂ ለአስተማሪ ገንዘብ አትከፍሉም» ይለናል። ሌላው «ልጁን ደበቃችሁት» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በቅንነት «ከልጆች ተለይቶ ከሰው ጋር መኖርን እንዴት ይማራል?» ብሎ ይጠይቃል። ዛሬ መልስ የምንሰጠው ለራሳችን ክብር ተቆርቁረን አይደለም። ለልጃቸው የሚበጀውን እያወቁ የወገንን አፍ ፈርተው የሚያመነቱ ወላጆች በየጉባኤው ስላሉ ነው።

ከከባዱ እንጀምር። ኦቲዝም አጋንንት አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ልጆችን ሁኔታ መዝግቦ ካሳተመ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። በምዕራቡ ዓለም ለዓመታት «ፍቅር የነፈገች እናት ያመጣችው ነው» የሚል ትምህርት ነበር፤ ስሕተት መሆኑ ታውቆ ተጣለ። እነርሱ የጣሉትን እኛ «የእናቲቱ ኃጢአት ነው» ብለን ስሙን ለውጠን እናነሣዋለን? በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ ጌታም ሰውየውንም ወላጆቹንም ከዚያ ክስ ነጻ አውጥቷል። ጌታ የዘጋውን ክስ እኛ ለምን እንከፍታለን?

ስለ ልጃችን እንጸልያለን፤ ዛሬም ጸልየናል። ነገር ግን ዓይኑ ለደከመ ልጁ መነጽር የገዛን አባት እምነት የለሽ የሚለው ማነው? ጸሎትና ትምህርት አይጣሉም። የሚጣላው ልጁን በአራት ሰው አስይዞ ጆሮው ላይ መጮኽ ነው። ድምፅ እንደ መርፌ የሚወጋውን ልጅ በጩኸት ማስጨነቅ አገልግሎት አይባልም።

«ደበቃችሁት» ለሚሉን፦ በጓዳ ተዘግቶባቸው፣ እንግዳ ሲመጣ ድምፃቸው እንዳይሰማ የሚደረጉ ልጆች በአገራችን እንዳሉ እናውቃለን። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ስለ ልጃቸው በአደባባይ ተናግረው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ያንን በር ለመክፈት ነበር። እኛም ያንን መደበቅ እንቃወማለን። ቤት ውስጥ ማስተማር ግን ሌላ ነገር ነው። ልጃችን ከ50 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ ኋላ ወንበር ላይ ጆሮውን በእጁ ይዞ ይውል ነበር። አንዲት መምህርት ያን ሁሉ ልጅ ይዛ ምን ታድርግለት? አንፈርድባትም። ሆኖም ዩኒፎርም ለብሶ ስለ ወጣ ብቻ ተማረ ማለት አይቻልም። እውነቱን ከተናገርን፣ የተደበቀው እዚያ ነበር።

አሁን የምናደርገው ይህ ነው። እጅ መታጠብን በ6 ከፍለነዋል፦ ቧንቧ መክፈት፣ እጅን ማራስ፣ ሳሙና መቀባት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። መጀመሪያ አምስቱን እኛ እያገዝነው የመጨረሻውን እርሱ ብቻውን ያደርጋል። ሲችለው አንድ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ውሃ ሲፈልግ የብርጭቆ ሥዕል ያለበትን ካርድ አንሥቶ ይሰጠናል፤ ዱሮ ግን ራሱን ከግድግዳ ያጋጭ ነበር። መቁጠርን በቡና ስኒ ይማራል። ትምህርቱ ከ20 ደቂቃ አይዘልም፤ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ እንደገና። ከ5 ወር በኋላ እጁን ብቻውን ታጠበ። ለእናንተ ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ እኛ ግን በዚያ ቀን ጌታን አመስግነናል።

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7ን እስኪ እንደገና አንብቡ። ጌታ ደንቆሮውንና ኮልታፋውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው። ጣቶቹን በጆሮዎቹ አገባ፣ ምላሱን ዳሰሰ፤ ለማይሰማ ሰው በሚገባው መንገድ ተናገረው። ታሪኩ የፈውስ ታሪክ መሆኑን አንስትም። ግን ጌታ አንድን ሰው ከሕዝብ መካከል ለይቶ ሲይዘው ደበቀው ያለ የለም።

ሦስተኛው ጥያቄ ተገቢ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት የጎረቤት ልጆች መጥተው ከእርሱ ጋር ኳስ ይንከባለላሉ። ገበያም እንወስደዋለን። ተራ መጠበቅን ቤት ካልተለማመደ ግን ከ50 ልጅ መካከል አይለማመደውም። ይህ መንገድ ለሁሉም ልጅ ነው አንልም፤ ረዳት ተመድቦለት ክፍል ውስጥ የሚያብብ ልጅ አለ፣ በማዕከል የሚረዳም አለ። ወላጅ ልጁን አይቶ ይወስን፤ ጉባኤውም ውሳኔውን ያክብር።

ወገኖች፣ ከወቀሳ የሚሻል ሥራ አላችሁ። መምህርት መቅጠር የማትችል፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናት በመካከላችሁ አለች፤ ለሚስዮን መባ እንደምንሰበስብ ለእርሷም እንሰብስብ። እሑድ የድምፅ ማጉያውን ጥቂት ቀንሱ። ከወጣቶቹ አንዱ ለአንድ ሰዓት ከልጇ ጋር ውጭ ይቀመጥና እርሷ ቃሉን ትስማ። ይህን ያደረገ ሰው ስለ ልጇ ትምህርት ቢጠይቃት በደስታ ትመልስለታለች።

ጌታ ይባርካችሁ።