ቪትዝ በጃፓን ጡረታ ወጣች፣ እኛ ጋ ግን ገና ትሠራለች

እስኪ ልጠይቃችሁ፤ አገሯ የተሰናበታት መኪና እኛ ዘንድ እያረጀች ዋጋዋ ሲወደድ የኖረው ለምንድን ነው? ቶዮታ ቪትዝን ማለቴ ነው።

ታሪኳ አጭር ነው። ቶዮታ ቪትዝን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረባት እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ ነው። ቅርጿን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የተባለ ግሪካዊ ነው። አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ የ2000 የዓመቱ መኪና ሆና ተመረጠች። ትንሽ፣ ነዳጅ ቆጣቢ፣ የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት... በቃ፣ ይኸው ነች። ሦስት ትውልድ ከቆጠረች በኋላ እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2020 ቪትዝ የሚለው ስም ከጃፓን ገበያ ወጣ።

አያችሁ ግጥምጥሞሹን! በዚያው ወር፣ በየካቲት 2012 ዓ.ም.፣ የእኛ ፓርላማ አዲሱን የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አጸደቀ። አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ተጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ምትክ የሌላት ቪትዝ እንግዲህ ባትወደድ ነበር የሚገርመው።

ሐሳቡን አልቃወምም። ጭሱ ይቀንስ፣ ለነዳጅ የሚወጣው ዶላርም ይትረፍ። ጥያቄዬ ሸክሙ ማን ላይ ወደቀ የሚለው ነው። ሀብታሙ ላይ አይደለም፤ እሱ አዲስ ይገዛል። የወደቀው ሳዑዲ ደክማ ያጠራቀመችውን ይዛ በተመለሰችው የሀብሩ ልጅ ላይ ነው። ቪትዝ ገዝቶ በታክሲ ሥራ ልደር ባለው የመርሳ ወጣት ላይ ነው።

"ኤሌክትሪክ ይግዙ" ትሉኝ ይሆናል። መልካም! ግን ወልዲያ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና ይህን መንገድ በአንድ ቻርጅ አትዘልቀውም። በ2014ቱ ጦርነትም ወልዲያና አካባቢዋ ለወራት መብራት አጥተው ነበር። እርግጥ ያኔ ቤንዚንም አልነበረም። ቤንዚን ግን በጀሪካን ተሸክመው ያመጡታል፤ መብራት በጀሪካን አይመጣም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ባይ ነኝ። መጀመሪያ ከደሴ እስከ ወልዲያ ባለው መንገድ፣ መርሳንም ሳይዘሉ፣ ቻርጅ ማድረጊያ ይተከል። አሮጌ መኪናም በዕድሜዋ ብቻ አትቀጣ፤ ጭሷና ፍሬኗ ተመርምሮ ይፈረድባት። በደንብ የተያዘች የ20 ዓመት ቪትዝ በግዴለሽ ከተያዘች የ5 ዓመት መኪና ትሻላለች።

ጃፓን ቪትዝን ያሰናበተችው ተተኪዋን አዘጋጅታ ነው። እኛ በሩን ዘጋን፤ ተተኪው ግን ገና መንገድ ላይ ነው... ያውም ቻርጁ አልቆበት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቸር እንሰንብት።