ውሀውን ተሸክሞ የሚሄድ እንግዳ

ድንኳን በአገራችን የታወቀ ነገር ነው። ሰርግ ሲሆን ይተከላል፤ ልቅሶ ሲሆንም ይተከላል። በቀድሞው ዘመን ነገሥታት ከነሠራዊታቸው ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲጓዙ ከተማው ራሱ ድንኳን ነበር፤ ሲራራ ነጋዴም አጋሰሱን አራግፎ፥ ጭነቱን ዙሪያውን ደርድሮ ሜዳ ላይ ያድር ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ጦርነት ወይም ድርቅ ከቤቱ ያስወጣው ወገናችን የሚጠለልበት ድንኳን አለ፤ እርሱን ማንም አይመኘውም። ስለዚህ ደኅና ቤትና አልጋ ያለው ሰው በገዛ ፈቃዱ ብዙ ሰዓት መኪና ነድቶ፥ ውሀና መብራት ከሌለበት በረሀ ደርሶ መሬት ላይ ይተኛል ሲባል፥ አንባቢያችን «ጥጋብ ነው» ቢል አንፈርድበትም። እኛም በመጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነው።

ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመለከተው ግን ሌላ መልክ አገኘንበት። ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ቦታ ብቻ እንውሰድ። በአሜሪካ፥ በኔቫዳ ግዛት ምሥራቃዊ ዳርቻ፥ ከዩታ ጋር በሚዋሰንበት አጠገብ፥ ግሬት ቤዝን የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። የተቋቋመው በ1986 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ስፋቱ 31,000 ሄክታር ያህል ነው። ስሙ የመጣው ከአካባቢው ነው፤ ፍሬሞንት የተባለው አገር አሳሽ በ1844 ያን ሁሉ ደረቅ አገር «ታላቁ ገበቴ» እንደ ማለት ባለ ስም ጠራው። ገበቴ የሚያሰኘውም በዚያ የሚወርደው ዝናብና የሚቀልጠው በረዶ አንድም ጠብታ ወደ ባሕር ስለማይደርስ ነው፤ ወንዙ ሁሉ ወደ ውስጥ ፈስሶ፥ ከጨው ሐይቅ ገብቶ ወይም በአሸዋ ሰርጎ በዚያው ይቀራል። የአዋሽን ጠባይ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አዋሽም ከደጋ ተነሥቶ ያን ሁሉ አገር ካጠጣ በኋላ ባሕሩን ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል።

በረሀ በተባለ ጊዜ ብዙዎቻችን ቆላና ሐሩር እናስባለን። ይህ ግን ደጋ በረሀ ነው። ከፓርኩ በስተ ደቡብ ስኔክ ክሪክ በተባለው ጅረት ዳር ያሉት የድንኳን ማደሪያዎች ከፍታቸው ከአዲስ አበባ የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ነው፤ ከበላያቸው ያለው ዊለር የተባለው ተራራ ደግሞ 3,982 ሜትር ይደርሳል። ሜዳውን የሸፈነው ግራጫ ቁጥቋጦ ከእኛው ጭቁኝና አሪቲ ጋር የአንድ ወገን ተክል ነው፤ ዝናብ ሲነካው ሽታው አገሩን ያውዳል። ዳገቱ ላይ የበቀለውም የእኛው ጥድ ዘመድ ነው፤ ከርሱ ጋር ተደባልቆ የሚገኘው ፒንዮን የተባለው ዛፍ የሚበላ ፍሬ ስላለው፥ የሾሾኒ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በመከር ወራት እየለቀመ ለክረምት ስንቅ ያደርገው ነበር። እንዲህ ያለውን አገር ባዶ ነው የሚሉት የማያውቁት ናቸው።

ማደሪያው ራሱ ምን አለው ቢሉ፥ ጥቂት ነው። የተስተካከለ መሬት፥ ጠረጴዛ፥ እሳት የሚነድበት የብረት ቀለበትና አንዳንድ ቦታ የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። የቧንቧ ውሀ የለም፤ መብራት የለም፤ ሱቅ የለም። ቤንዚን ያለቀበት ወይም ክብሪት የረሳ ሰው የሚጠይቀው ጎረቤት ላያገኝ ይችላል። እንግዲህ ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም። እንዲህ እንዲሆን ታስቦበት የተተወ ነው፤ ወደዚህ ነጥብ ቆይተን እንመለስበታለን።

መጀመሪያ የውሀውን ነገር እናንሣ። በደረቅ አገር የሚያድር ሰው ለመጠጥና ለምግብ በቀን ቢያንስ አራት ሊትር ያህል እንዲይዝ ይመከራል፤ ሙቀት ከበረታ ወይም ተራራ የሚወጣ ከሆነ ይበልጣል። ሁለት ሰዎች ሦስት ቀን ለመሰንበት ቢያስቡ 24 ሊትር መሆኑ ነው፤ ይኸውም አንድ ሙሉ ጀሪካንና ጥቂት ትርፍ ማለት ነው። መታጠቢያና መኪናው ቢበላሽ የሚያስፈልገው መጠባበቂያ በዚህ አልተቆጠረም። የጅረቱን ውሀ እጠጣለሁ የሚልም ማፍላት ወይም ማጣራት አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሆኖም ቀላሉን ሒሳብ በራሱ ላይ ሠርቶ የሚያውቅ ወጣት ሠራተኛ ስንት ነው? በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የሚያወጣ የውሀ ዕቅድ ላይ ፊርማውን የሚያኖር ሰው፥ እርሱ ራሱ በቀን ስንት ሊትር እንደሚጨርስ ቢጠየቅ የሚመልሰው ያጣል። እንስራ አዝላ ከምንጭ የምትመለስ የገጠር እናት ግን ታውቀዋለች፤ እያንዳንዱን ሊትር በጀርባዋ መዝናዋለችና። በድንኳን ማደር የከተማ ልጅ ይህንን ዕውቀት ለሦስት ቀን እንኳ ቢሆን እንዲዋስ ያደርገዋል።

ሁለተኛው አስተማሪ ሌሊቱ ነው። ቀን በሸሚዝ የዋለ ሰው ማታ ካፖርት ይፈልጋል። ምክንያቱም አየሩ ደረቅና ስስ፥ ሰማዩም ደመና የሌለበት በመሆኑ፥ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት የሚሸፍንለት አጥቶ ፀሐይ እንደ ገባች ወደ ሰማይ ይለቀዋል። አያሌ ጀማሪዎች ብርድ ልብሱን ሁሉ ከላይ ይደራርቡና ሲንቀጠቀጡ ያድራሉ። ብርዱ የሚመጣው ግን ከታችም ነው፤ በሰውነት ክብደት የተጨፈለቀ ልብስ ሙቀት አይዝም፤ ስለዚህ ከመኝታ ከረጢቱ በታች ወፍራም ምንጣፍ ያስፈልጋል። ቁርበትና ሰሌን አንጥፈው ይተኙ የነበሩ አያቶቻችን ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት አልገቡም።

ደግሞ ነፋስ አለ። ካስማውን ላይ ላዩን ተክሎ፥ ገመዱን አላልቶ ወደ እንቅልፉ የሄደ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ድንኳኑን ከቁጥቋጦ ላይ ሲለቅም ይገኛል። በደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋው ለስላሳ ነው ብሎ መተኛት ደግሞ ከዚህ የከፋ ስሕተት ነው፤ ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ ደራሽ ውሀ ሊመጣ ይችላል። የእኛ ቆላ ሰው ለልጁ በመጀመሪያ የሚነግረው ይህንን ነው።

ስለ ሰማዩ ብዙ አንልም፤ ያየው ያውቀዋል። ፓርኩ በ2016 ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሎ ታውቋል፤ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ፍኖተ ሐሊብ ከአድማስ እስከ አድማስ ይታያል። ጨለማ የሚጠበቅ ሀብት ይሆናል ብሎ ያሰበ ከአባቶቻችን መካከል የነበረ አይመስለንም።

ይህን ጽሑፍ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች እንድናቀርብ ያደረገን ግን ድንኳኑ ብቻ አይደለም፤ በዚያው ተራራ ላይ የተፈጸመ አንድ ነገር ነው። ከዊለር ተራራ ጫፍ በታች፥ ድንጋይና ነፋስ ብቻ ባለበት፥ ብሪስልኮን የሚባል የጥድ ዓይነት ይበቅላል። ይህ ዛፍ ኑሮው በከበደበት መጠን ዕድሜው ይረዝማል፤ በዓመት የሚጨምረው ውፍረት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ዕንጨቱ ጽኑና ሙጫ የሞላበት ነው፤ ነቀዝም ብስባሴም በቀላሉ አይደፍረውም። አብዛኛው ግንዱ ሞቶ በአንዲት ጠባብ የልጥ መስመር ብቻ ሕይወቱን የሚያቆይ ብዙ ነው። በ1964 አንድ ለከፍተኛ ዲግሪ የሚያጠና ተማሪ ጥንታዊውን የበረዶ ዘመን ለመመርመር ወደዚያ መጣ፤ የዛፎቹን ዕድሜ ማወቅ ፈለገ። በቀጭን መሰርሰሪያ ናሙና ማውጣቱ ስላልተሳካለት አንዱን ዛፍ ለመቁረጥ ቦታውን ያስተዳድር የነበረውን የደን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠየቀ። ዛፉ ከሌሎቹ የተለየ አይደለም ተባለና ፈቃዱ ተሰጠ። ነሐሴ መግቢያ ላይ፥ በ6 ኦገስት፥ ዛፉ ተቆረጠ። የግንዱ ቀለበት ሲቆጠር 4,862 ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዕድሜያቸው ከተቆጠረላቸው ዛፎች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነበር ማለት ነው። ተራራውን የሚያውቁ ሰዎች አስቀድመው ፕሮሜቴየስ የሚል ስም አውጥተውለት ነበር፤ ተማሪው በጥናቱ ውስጥ የሰጠው ግን ቁጥር ብቻ ነበር።

ልብ እንበል፤ በዚህ ነገር ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ተማሪው ዕውቀት ፈላጊ ነበር፤ ሹሙም ደንቡን ጠብቆ ሠርቷል፤ ማመልከቻ ቀርቧል፥ ፈቃድ ወጥቷል፥ ጉዳዩ አልቋል። የጎደለው ነገር አንድ ነው፤ በቦታው ቆይቶ ያደረና ዛፎቹን አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው ቃል አልተጠየቀም፥ ወይም ክብደት አልተሰጠውም። በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዛፍ ሁሉ ዛፍ ነው። ዛፉ በወደቀ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ፥ በ3 ሴፕቴምበር 1964፥ ዱር በዱርነቱ እንዲጠበቅ የሚያዘው የአሜሪካ ሕግ ተፈረመ፤ ሁለቱ በቀጥታ የተያያዙ አይደሉም፤ መግጠማቸው ግን ያስገርማል። በዚያው ዓመት የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደየአውራጃው መላክ ጀምሮ ነበር። ከዚያ አገልግሎት የተመለሱት ሽማግሌዎች ዛሬም ሲያወሩ፥ ከመጽሐፉ ይልቅ ያደሩበትን መንደር ያነሣሉ።

ከዛፉ ሌላ የውሀው ጉዳይም ነበረ። በ1989 በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው የላስ ቬጋስ ከተማ የውሀ ባለሥልጣን ከዚህ ፓርክ አካባቢ ካሉት ሸለቆዎች የከርሰ ምድር ውሀ በቧንቧ ለመውሰድ ማመልከቻ አቀረበ። ከተማይቱ እያደገች ስለነበር ጥያቄዋ ከንቱ አልነበረም፤ በላስ ቬጋስ ከሚኖሩት መካከልም አያሌ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ የእነርሱም ልጆች ውሀ ይጠጣሉ። ነገር ግን ዝናብ ባነሰበት አገር የሚቀዳው ቶሎ አይተካም፤ ምንጮች ሊነጥፉ፥ ግጦሽ ሊደርቅ ይችላል ሲሉ ከብት አርቢዎች፥ የአገሬው ነባር ሕዝቦችና ተፈጥሮ ጠባቂዎች ሠላሳ ዓመት ያህል ተሟገቱ። በ2020 ዕቅዱ ተተወ። ሙግቱን በጠባቂነት ከያዙት መካከል በዚያ አገር ድንኳን ተክለው ያደሩ፥ የምንጩን ዐይን በዐይናቸው ያዩ ሰዎች መኖራቸውን አንጠራጠርም።

አሁን ወደ ተውነው ነጥብ እንመለስ። ወጣት ሹም አንድ ያማረ ቦታ ሲሰጠው በመጀመሪያ የሚያስበው ምን ልሥራበት ብሎ ነው። አጥር፥ ሎጅ፥ አስፋልት፥ የመመረቂያ ድንጋይ። መሥራት የሚታይ ነገር ስለሆነ በሪፖርት ላይ ያምራል፤ አለመሥራት ግን በየትኛው ዓምድ ይጻፋል? ቢሆንም አንዳንድ ቦታ የሚጠበቀው ባለመሥራት ነው። መንገዱ አፈር ሆኖ ሲቀር የሚመጣው ሰው ቁጥር ይመጠናል፤ ውሀ በቧንቧ ካልመጣ እንግዳው የራሱን ይዞ ይመጣል፥ የራሱንም ቆሻሻ ይዞ ይመለሳል። ሽንት ቤት በሌለበት ከውሀ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፥ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ይጸዳዳል፤ ወረቀቱን በከረጢት ይዞ ይሄዳል። የብሪስልኮን ዕንጨት፥ የወደቀውም ቢሆን፥ አይነደድም። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠር ዘበኛ በየድንኳኑ ሊቆም አይችልምና ሥርዐቱ የሚጠበቀው በእንግዳው ጨዋነት ነው። በአገራችን ተራሮች ላይ ከተበተነው የፕላስቲክ ጠርሙስ ብዛት ስንገምት፥ በዚህ ረገድ የሚቀረን ብዙ ነው።

ከአንባቢዎቻችን መካከል በላስ ቬጋስ ወይም በሶልት ሌክ ሲቲ ዘመድ ያለው፥ ወይም ለትምህርት ወደዚያ የሚሄድ ሊኖር ይችላል። ለእንዲህ ያለው የምንለው ይህ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይሂድ፥ ሰኔ ላይ ግን ከፍ ያለው ቦታ በረዶ ሊኖረው እንደሚችል ይወቅ። መንገዱ ረጅምና ጭር ያለ ስለሆነ ቤንዚኑን ኢሊ በምትባለው ከተማ ይሙላ፤ የማደሪያውንና የእሳቱን ወቅታዊ ደንብ ባከር በምትባለው ትንሽ መንደር ካለው የእንግዶች መቀበያ ይጠይቅ። ከዚያ ወጥቶ ወደ ማደሪያው ከመሄዱ በፊት፥ ከፕሮሜቴየስ ግንድ የተቆረጠው ክፋይ በዚያው ቤት ለሕዝብ ይታያልና፥ ጠጋ ብሎ ቀለበቱን ይመልከት። የመጨረሻው ቀለበት የ1964 ነው። ጀሪካኑንም እዚያው ይሙላ።